ቁጭ ብዬ ጥሪቴን እየበላሁ ነው፤ ከአራስ ልጅ ጋር ቤት የምትውሉ ቁጠባችሁን እንዴት ነው የምታወጡት?

ጣና_ዳር_27
ጥቅምት 4፣ 2018

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነን። ልጃችን ሴት ናት፣ ሁለት ወር ሊሞላት ነው። የነበርኩበት ፕሮጀክት ሰኔ 30 ስለተዘጋ ደሞዝ የለኝም። ቁጥሩ ይሄውላችሁ።

በስሜ ያለው ቁጠባ 240,000 ብር። ኪራይ፣ መብራት፣ ጤፍና ዘይት ከባለቤቴ ደሞዝ ነው፤ በወር 13,000 ገደማ። የልጅቷ ነገር፣ አትክልት፣ ወተት፣ እድር፣ ካርድና የኔ ጥቃቅን ወጪ ከቁጠባው ይወጣል፤ 9,000 ገደማ። ባወጣሁ ቁጥር የባንኩ መልእክት ስልኬ ላይ ይመጣና ቀሪውን ሳየው ልቤ ድንግጥ ይላል። በዚያ ላይ 12,000 ብር የሚከፍል ሥራ ተገኝቶ "ዓመት ይሙላት" ብዬ ተውኩት። 12,000 በየወሩ እየጣልኩ 9,000 ደግሞ እየበላሁ ይመስለኛል። ክርስትናዋ ጥቅምት 25 ነው፣ 40 እንግዳ ይመጣል፣ ዘመድ ደግሞ ሁለት በግ ይታረድ ይላል፤ እሱም አለ።

እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቤት ልቆይ ነው ሐሳቤ። "አይዞሽ" ሳይሆን አሠራር ንገሩኝ።


ሂሳብ_ሹም

መጀመሪያ 12,000 የሚለውን ቁጥር ከጭንቅላትሽ አውጪው። እሱ ውል ላይ የሚጻፍ እንጂ እጅ የሚገባ ገንዘብ አይደለም።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው የደሞዝ ግብር ሰንጠረዥ እስከ 2,000 ነፃ ነው፣ ከዚያ እስከ 4,000 ባለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ባለው 20፣ እስከ 10,000 ባለው 25፣ እስከ 14,000 ባለው 30። በ12,000 ላይ ግብሩ 2,250 ይመጣል። ጡረታ 7 በመቶ 840። እጅሽ የሚገባው 8,910 ብር ነው።

አሁን ከዚህ ላይ ቀንሺ። ሞግዚት ከነምግቧ 5,000 ብንል (የሰፈርሽን ዋጋ አንቺ ታውቂያለሽ)፣ ባጃጅ ደርሶ መልስ በቀን 60 ብር በ24 ቀን 1,440። ቀሪው 2,470 ብር ነው። የሥራ ቦታ ምሳ አልገባበትም።

የመጨረሻውና ሰው የሚረሳው ወተት ነው። በሦስት ወር ዕድሜ ሙሉ በሙሉ የዱቄት ወተት የምትጠጣ ልጅ ባለ 400 ግራሙን ቆርቆሮ በሦስት ቀን ገደማ ትጨርሰዋለች። ግማሹን ጡት ግማሹን ቆርቆሮ ብታደርጊ እንኳ በወር 5 ቆርቆሮ ነው። ፋርማሲ ገብተሽ ዋጋውን ጠይቂና በ5 አባዢው። 2,470ው የሚተርፍ ከሆነ እኔን ውቀሺኝ።

ስለዚህ በየወሩ "የምትጥዪው" 12,000 ሳይሆን ወይ ጥቂት መቶ ብር ነው ወይ ምንም። የጸጸቱ ግማሽ የተሳሳተ ቁጥር ላይ የቆመ ነው።


ግዮን_ማዶ

ሂሳብ ሹም ልክ ነህ፣ ግን አንድ ነገር ዘለልክ። አሠሪው ከራሱ የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለ፤ 1,320 ብር። ከሷ 840 ጋር 2,160 በየወሩ ወደ ጡረታ ቋት ይገባ ነበር። 11 ወር ሲቋረጥ ያው የአገልግሎት ዘመኗ 11 ወር ያጥራል። የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ስለሚጠየቅ፣ 9 ዓመት ከምናምን ላይ ለቆመ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ገና ለጀመረች ግን የኋላ አገልግሎቷ ስለሚደመርላት ብዙ አያስጨንቅም።

ሌላው፣ ትንሽ ጸጸት ባይጠፋ እመርጣለሁ። "ቁጭ ብለው ሲበሉት ተራራም ያልቃል" የሚባለው በከንቱ አይደለም። ወሰን ያልተበጀለት ቁጠባ ያልቃል። ጥያቄው የት ጋ ቁሚ የሚል ምልክት አለ ወይ ነው።


ሂሳብ_ሹም

ጋሼ ግዮን፣ የጡረታውን እቀበላለሁ፣ አምልጦኛል።


ወለላ_ባንክ_ቤት

እህቴ፣ አሠራር ነው የጠየቅሽው፣ እሱን ልስጥሽ። ችግሩ ማውጣትሽ አይደለም፤ ከጎተራው በቀጥታ በእፍኝ እየዘገንሽ መውጣትሽ ነው። ለራስሽ ደሞዝ ቁረጪ።

እዚያው ባንክ ሁለተኛ የቁጠባ ሂሳብ ክፈቺ። ቅርንጫፉ ሄደሽ ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ ሙዪ፦ በየወሩ በ1 ቀን ከዋናው ወደ ሁለተኛው 9,000 ብር። የኤቲኤም ካርዱንና ሞባይል ባንኪንጉን ከሁለተኛው ጋር አስተሳስሪ፣ ዋናውን ከስልክሽ አስወጪው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሁለተኛ ሂሳብ ይከፍትና ካርዱን ዋናው ላይ ይተወዋል፤ ሱቅ በር ላይ ሲቸግረው ከዋናው ይስባል፣ ሁለተኛው ሂሳብ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ካርዱ በትክክል ሲያያዝ ዋናውን ሂሳብ የሚነካ መልእክት በወር አንዴ ብቻ ይመጣል፣ እሱም የምትጠብቂው ነው። በየቀኑ የምታዪው ቀሪ የወሩ ቀሪ ነው። 240,000 ወደ 231,000 ወረደ ብሎ መደንገጥ ቀረ፤ "ለ12 ቀን 3,400 ቀርቶኛል" ነው የሚሆነው። ይሄ ደሞዝተኛ ሁሉ የሚኖርበት ሂሳብ ነው።

አሁን ጋሽ ግዮን ወዳሉት ወሰን። የቤታችሁ ጠቅላላ ወጪ 13,000 ሲደመር 9,000፣ 22,000 ነው። የሦስት ወሩ 66,000 አይነካ። እሱን ለይተሽ ሦስተኛ ቦታ አስቀምጪው፣ ወይ ባለቤትሽ ጋ ሌላ ባንክ ይሁን። ለክርስትናው 25,000 ቁረጪ (ያንን የድግስ አዋቂዎች ያስረዱሽ)። ቀሪው 149,000። የሚቀርሽ 11 ወር ነው። ዋጋ መጨመሩ ስለማይቀር ለአራት ወር 9,000፣ ከየካቲት ጀምሮ ለሰባት ወር 10,500 ብለሽ ያዢው፦ 36,000 ሲደመር 73,500፣ 109,500 ብር። 39,500 ይተርፋል።

ስለዚህ ነሐሴ መጨረሻ ላይ 66,000ውም አለ፣ 39,500ውም አለ። ከልጅ ጋር አንድ ዓመት ውለሽ 105,500 ብር ይዘሽ ትወጫለሽ።


ጣና_ዳር_27

ወለላ፣ ይሄን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። 66,000ውን የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ላድርገው? ዝም ብሎ ከሚቀመጥ?


ወለላ_ባንክ_ቤት

ሁሉንም አታድርጊው። የመጠባበቂያ ገንዘብ ጥቅሙ በተፈለገበት ቀን መውጣቱ ነው። ጊዜ ገደቡ ሳይደርስ ከተሰበረ ወለዱ ይቀራል ወይም ወደ ተራ ቁጠባ ወለድ ይወርዳል። ግማሹን ለሦስት ወር እያደሱ ማስቀመጥ ይቻላል።

ወለዱም ብዙ አያጓጓ። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ66,000 ላይ በዓመት 4,620 ብር፣ ከዚያም ላይ የወለድ ግብር ይነሳል። የገበያው ጭማሪ ከዚህ ይበልጣል። ይሄን የምነግርሽ ለምን መሰለሽ፦ "ባልነካው ኖሮ እንዳለ ይቀመጥልኝ ነበር" የሚለው ሐሳብ ልክ አይደለም። ባንክ ውስጥ የተቀመጠ ብር ሳትነኪውም ይሟሟል።


ድፎ_ዳቦ

የክርስትናውን ለኔ ተዉት።

ሴት ልጅ በ80 ቀን ነው፣ ጥቅምት 25 ማክሰኞ ይውላል። ልብ ያላላችሁት ነገር አለ፦ ያኔ ገና ጽጌ ነው፣ እስከ ህዳር 5። ጽጌ የፈቃድ ጾም ቢሆንም በኛ አገር የሚጾመው ብዙ ነው። ከ40 እንግዳ ግማሹ ሊጾም ይችላል። ስለዚህ ሁለት በግ የሚለውን የዘመድ ሐሳብ ከወዲሁ ቁረጡት። አንድ በግ ይበቃል፣ እንዲያውም ብዙው ወጥ የጾም ይሁን፦ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት። በጀቱን የሚያድነው ይሄ ነው። የጾመኛውን ቁጥር አስቀድሞ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሳይጠየቅ ተቀቅሎ የተረፈ ሥጋ ነው ነውሩ።

ጠላው በዚህ ሳምንት ይጀመር። ጥንስስ፣ ከዚያ ብቅልና ቂጣ፣ ከዚያ አሻሮው ገብቶ ድፍድፍ፣ ከዚያ ውሃ ተሞልቶ እስኪጠል ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። ጠላ ሳይደርስ ሲቀር ሰው ወደ ቢራ ይሮጣል። የክርስትና በጀት የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በበግ ሳይሆን በቢራ ሳጥን ነው። አንድ ሳጥን ተብሎ ተጀምሮ ስድስት ይሆናል።

ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ሳህን ከእድራችሁ ጠይቁ፤ ለአባል ነው የተገዛው። ልብሱና ማዕተቡ የክርስትና እናት ድርሻ ነው፣ አንቺ አትግዢ፤ ከገዛሽ እሷም ገዝታ ትመጣለች፣ ሁለት ቀሚስ ለአንድ ቀን። እንግዳ የሚሰጠውን ገንዘብ ደግሞ በጀት ውስጥ አታስገቢ። ከመጣ ለልጅቷ ነው።


ሽምብጥ_ማማ

የልጅቷ ነገር ካልሽው ውስጥ ትልቁ ዳይፐር ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። በዚህ ዕድሜ በቀን 8 ብትቀይር በወር 240 ነው። አንዱ 20 ብር ቢሆን 4,800፤ ከ9,000ሽ ላይ ግማሹን አለፈ ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ተዪው አልልም። ለሌሊት አንድ፣ ለመውጫ አንድ ያዢ፣ ቀኑን በጨርቅ። 60 ዳይፐር ይሆናል፤ 3,600 ብር ተረፈ። ከዚያ ላይ ለሳሙና ትንሽ ቀንሺ።

ጨርቁ እንዲህ ነው። አቡጀዲ ወይም ሌላ ንጹህ ጥጥ፣ ፖሊስተር የተቀላቀለበት አይመጥጥም። 24 ቁራጭ፣ አራት ማዕዘን። ከ24 ካነሰ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ያልቅና በሁለተኛው ሳምንት ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ዳይፐር ይመለሳል። መጀመሪያ ሳትጠቀሚበት ሦስት ጊዜ እጠቢው፤ አዲስ አቡጀዲ ስታርች ስላለው ውሃ ከላዩ ይንሸራተታል እንጂ አይገባም። በሰያፍ አጥፈሽ ሦስት ማዕዘን አድርጊው፣ ሌላ አንድ ቁራጭ ደግሞ ለሦስት አጥፈሽ መሐሉ ላይ አንጥፊ። ሦስቱ ጫፍ ሆዷ ላይ ይገናኛል። ከእምብርቷ በታች ይሁን።

እጥበቱ ላይ ነው ሰው የሚበላሸው። ካካ ያለበትን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂ፤ በሙቅ ከጀመርሽው እድፉ ይተኮስበትና አይለቅም። ክዳን ባለው ባልዲ ማሳደር ይቻላል፣ ከአንድ ሌሊት በላይ ግን ይሸታል። ከዚያ በሙቅ ውሃና በትንሽ ሳሙና። ኦሞ ሲበዛ ጨርቁ ነጭ ይሆናል፣ የልጅቷ ቂጥ ቀይ ይሆናል። ሳሙናው ጨርቁ ውስጥ ቀርቶ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ነው የሚያቃጥላት። ሦስት ጊዜ አለቅልቂ፤ የመጨረሻው ውሃ ስታማስዪው አረፋ ካወጣ አራተኛ። ማለስለሻ የሚባለውን በፍጹም አትጨምሪ፣ ጨርቁ መምጠጥ ያቆማል።

አሁን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ፀሐይ አለልሽ፣ ስጪው ብቻ። ክረምት ሲገባ፣ ከሰኔ ወዲያ፣ ባሕር ዳር ጨርቅ ሁለት ቀን አንጠልጥለሽው እርጥብ ነው። ያኔ ወይ ካውያ ወይ ወደ ዳይፐር መመለስ። ወለላ ከየካቲት በኋላ 10,500 ያለችው ለዚህም ይጠቅማል። ውሃ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቀድማችሁ ግዙ፤ ያለ ውሃ ይሄ ሁሉ ወሬ ነው።


አዋላጅ_ነርስ_ባዳ

ሁለት ሦስት ነገር ብቻ።

ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ልጅሽ የ6 ሳምንቱን ወስዳ መሆን አለበት፣ ቀጥሎ 10ኛው፣ 14ኛው ሳምንት፣ ከዚያ 9ኛው ወርና 15ኛው ወር። ለዚህ የግል ክሊኒክ መክፈል አያስፈልግም።

ወቅቱ የወባ ነው፤ በጣና ዙሪያ ከክረምት ማግሥት እስከ ህዳር ድረስ ይበረታል። አጎበሩ በደንብ ተወጥሮ ፍራሹ ሥር ይቀርቀር። የሁለት ወር ሕፃን ትኩሳት ካላት "ነገ እናየዋለን" የለም፣ በዚያው ቀን ይዘሻት ሂጂ። ከ39,500ው ላይ 5,000 ለዚህ የሚሆን በጥሬው ቤት ይኑር፤ ሌሊት ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር ባጃጅ አያሳፍርም።

ጡት ብቻ እስከ ስድስት ወር። ከሁሉም ርካሹም እሱ ነው። የዱቄት ወተት የግድ ከሆነ ግን እንዲበረክት ብሎ ማቅጠን አይደረግም፤ ማንኪያው ሲጎድል ልጅቷ ጠግባ ትተኛለች፣ ክብደት ግን አትጨምርም። የላም ወተት በጡት ፈንታ ከአንድ ዓመት በፊት አይሰጥ፣ ማርም እንዲሁ። ከስድስት ወር በኋላ ለገንፎ ውድ የታሸገ ዱቄት አያስፈልግሽም፦ ሦስት እጅ እህል (ጤፍ፣ አጃ፣ ስንዴ)፣ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ባቄላ፣ ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ በስሱ ተፈጭቶ። ሲበስል እንቁላል ወይም ትንሽ ዘይት።

የመጨረሻው፣ ከገንዘቡ ይበልጣል። ጸጸቱ ገንዘብ ስታወጪ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የሂሳብ ነገር ነው፣ ከላይ ያሉት ፈተውልሻል። ልጅቷ ተኝታ አንቺ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ያለ ምክንያት ካስለቀሰሽ፣ "ለልጄም አልረባም" ማለት ከጀመርሽና ይሄ ሁለት ሳምንት ካለፈ ግን በበጀት አይፈታም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የድባቴ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ሕክምና አለው። ለክትባት ስትሄጂ ለነርሷ ንገሪያት፤ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይልኩሻል።


ጣና_ዳር_27

ነርሷ፣ እንቅልፉ ደህና ነው። እሷ ከተኛች እኔም እተኛለሁ። ገንዘብ ሳወጣ ነው ብቻ።


አባይ_ልጅ_9

ጣልቃ ልግባ። እኔ ሰባት ወሬ ነው፣ የግል ድርጅት ውስጥ ነኝ። ወልጄ ቤት መቀመጤ ስለማይቀር ከአሁኑ ልልቀቅና ልረፍ እያልኩ ነበር። ቁጠባ አለኝ።


የሥራ_ጉዳይ

እንዳታደርጊው! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30 የሥራ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ሙሉ ደሞዝ አለሽ። 90 የሥራ ቀን በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ 15 ሳምንት፣ አምስት ቀን ለሚሠራ 18 ሳምንት ነው። አሁን ከለቀቅሽ ይሄን ሁሉ ከራስሽ ቁጠባ ትከፍዪዋለሽ ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። የሐኪም ወረቀት ይዘሽ የቅድመ ወሊዱን በጽሑፍ ጠይቂ፣ ቅጂው ላይ "ደርሶናል" ተብሎ ይፈረምበት። ከወለድሽ በኋላ 90ው ሊያልቅ ሲል ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድ ካለ አያይዘሽ ጠይቂ፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ከዚያ በኋላ ያለ ደሞዝ ለወራት መቆየት ከአሠሪው ጋር የምትስማሙበት እንጂ መብት ስላልሆነ፣ ከተስማሙ በጽሑፍ ይሁን፣ የምትመለሽበት ቀንና የሥራ መደቡ ተጠቅሶ። በቃል "ነይ፣ ቦታሽ ይጠብቅሻል" የተባለ ቦታ ሌላ ሰው ተቀምጦበት ይገኛል።

የግድ ከለቀቅሽም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪ፤ ሳትሰጪ ከወጣሽ እስከ 30 ቀን ደሞዝ ካሳ ሊጠየቅብሽ ይችላል። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብልሻል። እርጉዝ ሳለሽና ከወለድሽ በኋላ እስከ አራት ወር፣ ሕጉ ለይቶ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች በቀር፣ አሠሪው ሊያሰናብትሽ አይችልም።

ለዋናዋ ጠያቂም አንድ ነገር። "በስሜ ያለው"፣ "ከባለቤቴ ደሞዝ" ብለሽ ለያየሽው። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ደሞዝ፣ የሱም ያንቺም፣ በሕጉ የጋራ ሀብት ነው፤ በማን ስም መቀመጡ አይለውጠውም። ከጋብቻ በፊት የነበረሽ የግልሽ ነው። እና ከሱ ደሞዝ ላይ ለዳይፐር ሲወጣ ልመና አይደለም፣ ካንቺ ቁጠባ ሲወጣም ስጦታ አይደለም።


ግዮን_ማዶ

ይሄኛው ጥሩ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ልጅቷ የሁለቱም ሆና ሳለ የልጅቷ ወጪ በሙሉ ካንዱ ቋት መውጣቱ ነው ሰውን የሚያስጨንቀው። የሱ ገንዘብ ኪራይና ጤፍ ሆኖ ይታያል፣ ያንቺ ደግሞ ዳይፐር ሆኖ ይጣላል። አደባልቁት። እሱ ከ13,000ው ላይ 2,000 ወደ ሁለተኛው ሂሳብ ያስገባ፣ አንቺ 7,000 አስገቢ፤ ከኪራዩ ደግሞ 2,000 ያንቺ ይሁን። ድምሩ ያው ነው። ስሙ ግን ይለወጣል።


እቁብተኛዋ

ስለ እቁብ ማንም አላነሳም። እቁብ ካለሽ፣ እጣሽ ወጥቷል ወይስ አልወጣም? ካልወጣ ከቁጠባ አውጥቶ እቁብ መጣል ከኪስ ወደ ኪስ ነው፣ አልተበላም፤ "ወጪ" ብለሽ አትመዝግቢው። ከወጣ ግን ዕዳ ነው፣ ከ149,000ው ላይ ዛሬውኑ ቀንሰሽ አስቀምጪው፤ ዋስሽን አታስደውዪበት። ከከበደሽ ዳኛውን አነጋግሪና ግማሽ እጣ አድርጊው፣ ሌላ ሰው ይጣመርሽ።

እድር ግን አይቋረጥ። ትንሽ ገንዘብ ናት፣ ተቋርጣ ስትመለሽ ቅጣቷ ነው የሚበዛው።


ጣና_ዳር_27

እቁብ የለኝም። የዘመድ ብድር ነው ያለብኝ፣ ማለት እነሱ ናቸው የሚጠይቁኝ። ቤት ከዋልሽ ብር አለሽ ማለት ነው ይላሉ።


ወለላ_ባንክ_ቤት

"በየወሩ ነው የሚለቀቅልኝ" በያቸው። ቋሚ ትእዛዙ ካለ ውሸት አይደለም።


ቅዳሜ_ገበያ

39,500ው ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ አንድ ሥራ አለው። ጤፍ በሐምሌና ነሐሴ ይወደዳል፣ አዲሱ ሲገባ በጥርና የካቲት ይረክሳል። ጥር ላይ ሁለት ኩንታል በአንዴ ግዙ፣ ባለቤትሽ ከወር ወጪው ለቁጠባው ቀስ በቀስ ይመልስ። ለሁለት ትልቅ ሰው አንድ ኩንታል ከሦስት እስከ አራት ወር ይሄዳል፣ ስለዚህ ሁለቱ በቁጠባ ከተያዙ ነሐሴን ያደርሷችኋል።

ግን አዲስ ጤፍ ስትገዙ እርጥበቱን እዩ። እጅ አስገብታችሁ ከኩንታሉ መሐል ዝገኑ፣ ከላይ ያለው ሁልጊዜ ደረቅ ነው። በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ካላለ አልደረቀም፤ ውሃውን ነው የምትገዙት፣ ቤት ገብቶም ይሻግታል። አሸዋውን ለማወቅ አንድ እፍኝ ሳህን ውሃ ላይ በትኑ። ቤት ስታስቀምጡ ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥ፣ ጣውላ ይደረግለት፣ ከግድግዳውም ይራቅ። አስፈጭታችሁ አታስቀምጡ፤ 25 ኪሎ 25 ኪሎ እያደረጋችሁ።

የአትክልቱን ቅዳሜ ከ10 ሰዓት በኋላ ሂጂ። የገጠሩ ሻጭ ይዞ መመለስ ስለማይፈልግ ቲማቲሙንም ጎመኑንም ያወርዳል። ለሳምንት የሚሆን ሽንኩርት ብቻ ጠዋት ይገዛ፣ ጥሩ ጥሩው ቀድሞ ያልቃል። ዓሣ ከፈለግሽ ጠዋት ሐይቁ ዳር ከአጥማጅ እጅ፦ ቀረሶው (ቲላፒያው) ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ሲገለጥ ውስጡ ቀይ ይሁን።


ጣና_ዳር_27
ጥቅምት 6፣ 2018

ሁለተኛው ሂሳብ ዛሬ ተከፈተ፣ ካርዱም እሱ ላይ ነው። ቋሚ ትእዛዙ ከህዳር 1 ይጀምራል። ለጥቅምት ቀሪ ቀናት 6,000 አስገባሁ። 66,000ው በባለቤቴ ስም ሌላ ባንክ ሄዷል፤ ጋሽ ግዮን ባሉት መንገድ 2,000ውን ተለዋውጠናል። ጠላው ትናንት ተጠንስሷል፣ በጉ አንድ ነው፣ አማቴ አልተደሰቱም።

አቡጀዲ ልገዛ ነው። 24 ቁራጭ በስንት በስንት ነው የሚቆረጠው?


ሽምብጥ_ማማ

70 በ70 ሴንቲ ነው። ሲታጠብ ስለሚጠብ 75 አስቆርጪ፤ ጠርዙን ማስከፈፍሽን እንዳትረሺ፣ ካልሆነ ክሩ እግሯ ላይ ይጠመጠማል።